«ገብቼ ወዲያው ያስወጣኛል»፦ የቶክን ችግርና መፍትሄ

ደሴ ፒያሳ ላለ አንድ የጅምላ ሱቅ የዕቃ መቆጣጠሪያ ሲስተም ሠርቼ ነበር። ቶክን፣ ማለትም ተጠቃሚው መግባቱን የሚያሳየውን ዲጂታል ማለፊያ፣ የሚሰጠው ሱቁ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ነው። ሪፖርቱ ግን ኢንተርኔት ላይ ከተከራየነው ሰርቨር ይመጣል። ኮምቦልቻ ቁጭ ብዬ በላፕቶፔ ስሞክረው ምንም አይለውም። ሱቁ ላይ ግን ካሸሯ ገና ከመግባቷ «ጊዜው አልፏል» ይላታል። ሁለት ቀን ሙሉ ኮድ ስፈትሽ ዋልኩ። ጥፋቱ ኮዱ ጋ አልነበረም። እናንተም ቀናችሁን እንዳታቃጥሉ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ኮድ ከመንካታችሁ በፊት ቶክኑን አንብቡት። ጄደብሊውቲ (JWT) የሚባለው የቶክን ዓይነት በነጥብ የተለያዩ ሦስት ክፍሎች አሉት፦ ሄደር፣ ፔይሎድ እና ፊርማ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተቆለፉ አይደሉም፤ ማንም ሰው ፈቶ ያነባቸዋል። ስለዚህ የይለፍ ቃል እዚያ ውስጥ በፍጹም አታስገቡ። ፔይሎዱ ላይ የተሰጠበትንና የሚያበቃበትን ጊዜ ታገኛላችሁ። ሁለቱም ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፉ ሰከንዶች ናቸው። ቁጥሩ 10 አሃዝ መሆን አለበት። 13 ከሆነ በሚሊሰከንድ ጽፋችሁታል ማለት ነው። ያ ቶክን ከ50 ሺህ ዓመት በላይ ይቆያልና ለ1,000 አካፍሉት።

ምልክት፦ ገና ሲገቡ «ጊዜው አልፏል» ይላል

የሱቁ ጉዳይ ይሄ ነበር። ኮምፒውተሩን በእኛ ሰዓት ሞልተውታል። ጠዋት 9፡00 ማለት ሲገባው 3፡00 ይላል። ማሽኑ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። የቶክኑ ዕድሜ ደግሞ 1 ሰዓት ነው። ስለዚህ ገና ሲሰጥ፣ በሌላኛው ሰርቨር ዓይን ካለቀ 5 ሰዓት ሆኖታል። ነገሩ ቢገለበጥ፣ ማለትም የሚያረጋግጠው ማሽን ወደ ኋላ ቢቀር፣ «ይህ ቶክን ገና አልጀመረም» የሚል ስህተት ሊመጣ ይችላል።

መፍትሄው፦ ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መልሱ፣ የሰዓት ቀጠናውንም ዩቲሲ ፕላስ 3 አድርጉት። የእኛን ሰዓት ስክሪኑ ላይ ብቻ ቀይራችሁ አሳዩ። ሰዎቹን አትቆጡ። በ3 ሰዓት ሱቁን የሚከፍት ሰው 9 የሚል ሰዓት ለምን ይይ? ያንን ማስተካከል የእኛ የሠሪዎቹ ሥራ ነው።

መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ብዙ ጊዜ ሲአር2032 የምትባለው ናት። ቀይሯት። የጥቂት ሰከንድ ልዩነት ግን የትም አይጠፋም፤ አረጋጋጩ ኮድ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ እንዲታገስ አድርጉት።

ምልክት፦ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሁሉም ተጠቃሚ ይወጣል

ሰርቨሩ በተነሳ ቁጥር አዲስ ሚስጥራዊ ቁልፍ እየፈጠረ ነው። በአሮጌው ቁልፍ የተፈረመ ቶክን ሁሉ ይወድቃል። ቁልፉን አንዴ ፍጠሩና ከኮዱ ውጭ በሆነ የኢንቫይሮመንት (.env) ፋይል አስቀምጡት። ኤችኤስ256 (HS256) ለሚባለው የፊርማ ዘዴ ቢያንስ 32 ባይት ይሁን። ፋይሉን ኮዱ በሚቀመጥበት ጊት ላይ አትጫኑት።

ምልክት፦ ፖስትማን (ጥያቄ እየላኩ ሰርቨር የሚሞክሩበት ፕሮግራም) ላይ ይሠራል፣ ብራውዘር ላይ እምቢ ይላል

ፊት ለፊት የሚታየው ገጽና ኤፒአዩ (ዳታውን የሚሰጠው የሰርቨር ክፍል) በተለያየ አድራሻ ላይ ሲሆኑ፣ ብራውዘሩ ከዋናው ጥያቄ በፊት ኦፕሽንስ የሚባል ጥያቄ ይልካል። እሱ ቶክን አይዝም። ሰርቨራችሁ ከእሱም ቶክን ከጠየቀ 401 («ማንነትህን አላረጋገጥኩም» የሚል የስህተት ኮድ) ይመልሳል፤ ብራውዘሩም ዋናውን ጥያቄ ሳይልክ ይቀራል። የኮርስ (CORS)፣ ማለትም ከሌላ አድራሻ ለሚመጣ ጥያቄ፣ ፈቃድ የሚሰጠውን ክፍል ቶክን ከሚፈትሸው አስቀድሙት፣ ያልቃል።

ሁለቱም ቦታ 401 ከሆነስ? ቶክኑ ሲላክ ከፊቱ ከሚጻፈው «ቤረር» (Bearer) ከሚለው ቃል በኋላ አንድ ክፍት ቦታ መኖሩን እዩ። ቶክኑ በትምህርተ ጥቅስ ታቅፎ እንዳልተላከም አረጋግጡ። 403 ከሆነ ግን ቶክኑን ተዉት፤ ሰርቨሩ ሰውየውን አውቆታል፣ ፈቃድ ነው የከለከለው።

ምልክት፦ መንገድ ላይ ያስወጣል

ይሄኛው ነው ከሁሉም ያለፋኝ። የሱቁ ሽያጭ ሠራተኛ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲመጣ፣ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ኔትወርክ ይቆራረጥበታል። ስልኩን እንደገና ሲከፍት ሎግ ኢን ገጽ ላይ ያገኘዋል። የሞላው ትዕዛዝም ጠፍቷል።

ሁለት ምክንያት ነበረው። አንደኛ፣ አፑ ማንኛውንም ውድቀት እንደ 401 ቆጥሮ ያስወጣው ነበር። ኔትወርክ መጥፋትና በሰርቨሩ መከልከል ለየቅል ናቸው። ማስወጣት ያለባችሁ ሰርቨሩ ራሱ ሪፍሬሽ ቶክኑን (ዋናው ቶክን ሲያልቅ አዲስ የሚያስገኘውን) አልቀበልም ሲል ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ኔትወርኩ ሲመለስ አምስት ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ አዲስ ቶክን ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ያገኛል። አሮጌው ሪፍሬሽ ቶክን ስለተሻረ የቀሩት ይወድቁና ሰውየውን ያስወጡታል። አንድ ብቻ ይጠይቅ፤ ሌሎቹ እሱን ይጠብቁ። አዲሱ ቶክን በመንገድ ላይ ከጠፋም አሮጌው ለጥቂት ሰከንድ እንዲሠራ ፍቀዱ።

አብሽሩ፣ ይህን ለመሞከር ሐረጎ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የቶክኑን ዕድሜ ለጊዜው 1 ደቂቃ አድርጉ። ትዕዛዝ መሙላት ጀምሩና ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት። ከሁለት ደቂቃ በኋላ መልሱት። የሞላችሁት እዚያው ካለና «ላክ» ስትሉ ከሄደ ተስተካክሏል።