ተሳቢ የሚጎትት ፒክአፕ ጎማው ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

አዲስ ጎማ ካስገባሁ በማግስቱ ፒክአፔ ሰከረ። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ሁለት መኪና የጫነ ተሳቢ አስሬ ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ፣ በአይ-70 ወደ ካንሳስ ወጣሁ። ሊመን ሳልደርስ የኋላው ግራና ቀኝ መዋለል ጀመረ። እኔ መሪውን ቀጥ አድርጌ ይዣለሁ፤ እሱ የራሱን እስክስታ ይወርዳል።

የጎማው ቁጥር ከድሮው ጋር አንድ ነበር። የጎማ ቤቱ ልጅ «ያው ነው፤ እንዲያውም ይሄኛው ይረክሳል» ብሎኛል። ያው አልነበረም። ጥፋቱን ሁሉ በሱ ላይ አልጭንም፤ እኔም ከቁጥሩ አልፌ ቀጥሎ ያለችውን ፊደል አላነበብኩም።

ከዚያ ወዲህ ተሳቢ የሚጎትቱ ወዳጆቼ ስለ ጎማ ሲደውሉልኝ ስለ ብራንድ አልጠይቅም። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የበሩ ስቲከር ምን ይላል? ንፋሱ ጠዋት ስንት ነበር? ተመዝነሃል ወይ?

ስቲከሩ የሾፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ ተለጥፏል። የፊትና የኋላ ጎማ መጠን፣ የንፋስ ልክ፣ እያንዳንዱ አክስል የሚችለው ክብደት እዚያ አለ። ንፋስ የሚለካው ደግሞ መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመ በኋላ ነው። ለሚዛን ትራክ ስቶፕ ላይ ያለው ካት ስኬል ይበቃል። ተሳቢው ታስሮ፣ ጭነቱ ተጭኖ፣ ነዳጅ ሞልቶ፣ እናንተም ውስጥ ተቀምጣችሁ ተመዘኑ። ወረቀቱ የፊት አክስሉን፣ የኋላ አክስሉንና ተሳቢውን ለየብቻ ያወጣል። የኋላውን ለሁለት ስታካፍሉ አንዱ ጎማ ምን ያህል እንደተሸከመ ታውቃላችሁ። ይህንን ሳያውቁ ጎማ መግዛት እግርን ሳይለኩ ጫማ እንደመግዛት ነው።

ከኋላ ይዋልላል፣ ጎማው ለስላሳ ይመስላል

የኔ ችግር ይህ ነበር። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የጎማው የጫና ደረጃ ነው፤ ሎድ ሬንጅ የሚሉት። ኤል.ቲ 265/70 አር 17 የሚባለውን መጠን እንውሰድ፤ ኤል.ቲ ማለት የቀላል ጭነት መኪና ጎማ ነው። ሎድ ሬንጅ ሲ የሆነው 50 ፒ.ኤስ.አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ተነፍቶ 2,470 ፓውንድ ይሸከማል። ሎድ ሬንጅ ኢ የሆነው ግን 80 ፒ.ኤስ.አይ ተነፍቶ 3,195 ፓውንድ ይሸከማል። ቁመቱ አንድ፣ ስፋቱ አንድ፣ ቸርኬው አንድ። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ሲደመር ሲ 4,940፣ ኢ ደግሞ 6,390 ይመጣል። ልዩነቱ 1,450 ፓውንድ ነው። በኛ አገር ልክ ስድስት ኩንታል ተኩል ጤፍ በሉት።

ተመዝኜ ሳየው የኋላ አክስሌ 5,860 ፓውንድ ነበር። የተሸጠልኝ ጎማ ሲ ነው። 920 ፓውንድ ከአቅሙ በላይ ጭኜ ነው ስሄድ የነበረው። የጎማው ጎን ስስ ስለሆነ ከጭነቱ ስር ይታጠፋል፣ ይመለሳል፤ ዋላላው ከዚያ ነው የመጣው።

አንዳንዱ ደግሞ ከነጭራሹ የቤት መኪና ጎማ ያስገባል። ቁጥሩ ፊት ኤል.ቲ የሚል የለበትም፤ 265/70 አር 17 ብሎ ይጀምራል። ከመጠኑ ቀጥሎ የሚጻፈው የጫና ቁጥር 115 ከሆነ 2,679 ፓውንድ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጎማ ፒክአፕ ላይ ሲገባ ግን ያ ቁጥር ለ1.1 ይካፈላል፤ የሚቀረው 2,435 ብቻ ነው። ባዶ ሲነዳ ምቾቱ ደስ ይላል። ለመጎተት ግን አይሆንም።

መፍትሄው ስቲከሩ ላይ ካለው ያላነሰ ጎማ ማስገባት ነው። 2500 እና 250፣ 3500 እና 350 የሚባሉት ፒክአፖች በአብዛኛው ሎድ ሬንጅ ኢ ነው የሚፈልጉት። ሰው አስር ፕላይ የሚለው ይህንኑ ነው። ድሮ እውነትም አስር የጥጥ ድርብ ነበረው፤ ዛሬ የጥንካሬ ስም ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

ጎማው ኢ ሆኖም ቢዋልልስ? ሁለት ነገር እዩ። አዲስ ጎማ፣ በተለይ ጥርሱ ጥልቅ የሆነው ኦል ቴሬን (ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆነው)፣ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ማይሎች ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ይረጋል። ያለ ተሳቢ ቀጥ ብሎ ሄዶ ከተሳቢ ጋር ብቻ የሚዋልል ከሆነ ግን ጎማውን ተዉትና አጫጫኑን እዩ። መንጠቆው ላይ የሚያርፈው የተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት፤ ጉዝኔክ፣ ማለትም ፒክአፑ ጭነት ቦታ ውስጥ የሚታሰረው ተሳቢ፣ ከሆነ ከ15 እስከ 25 በመቶ። ከባዱ መኪና ወደ ኋላ ከተጫነ ተሳቢው ጅራቱን እንደሚያወዛውዝ ውሻ ይሆናል። ወደ ፊት አምጡት።

ጎማው ከመጠን በላይ ይሞቃል፣ ወይም ጎኑ ያብጣል

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ጎማ የሚፈነዳው በአብዛኛው ከሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ ከሦስት ነገር ይመጣል። ንፋስ ማነስ፣ ጭነት መብዛት፣ ፍጥነት። ሦስቱ በሐምሌ በቴክሳስ አስፋልት ላይ ከተገናኙ የጎማው ጥርስ ከአካሉ ይላቀቃል።

እ.ኤ.አ. በ2000 ነሐሴ ወር ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማ መልሶ የሰበሰበው ጥርሳቸው እየተላቀቀ ስለነበር ነው። ብዙዎቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የገቡ ነበሩ። ፎርድ ለዚያ መኪና ያዘዘው ንፋስ 26 ፒ.ኤስ.አይ መሆኑም አብሮ አከራከረ። አደጋው የበዛው እንደ ቴክሳስ፣ አሪዞናና ፍሎሪዳ ባሉ ሞቃት ግዛቶች ነበር። ዛሬ ዳሽቦርድ ላይ የምትበራው የንፋስ መብራት የዚያ ጣጣ ልጅ ናት። ነገር ግን ህጉ የሚያስገድደው እስከ 10,000 ፓውንድ የተፈቀደለትን መኪና ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ፒክአፕ መብራቱ ላይኖረው ይችላል። ቢኖረውም የግዴታው ልክ ንፋሱ በ25 በመቶ ሲጎድል ማስጠንቀቅ ነው፤ ከ80 ተነስቶ 60 ሲደርስ ማለት ነው። ለሚጎትት ሰው ያ በጣም ዘግይቷል።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በመለኪያ ለኩ። 80 ላይ የተነፋ ጎማ የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ፋራናይት በቀነሰ ቁጥር ወደ 2 ፒ.ኤስ.አይ ይጎድለዋል። በ60 ዲግሪ ሞልታችሁት በ10 ዲግሪ ብትነሱ 9 ያህል ጠፍቷል ማለት ነው፤ ማንም ሳይሰርቀው።

ተቃራኒውን ስህተትም አይቻለሁ። ጠዋት 80 የነበረው ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ 90 ሲሆን ሰው ይደነግጥና ያስተነፍሰዋል። አታስተንፍሱ። ጎማው ሲሠራ እንዲህ እንዲጨምር ታስቦ ነው የተሠራው። ያስተነፈሳችሁት ጎማ ሲበርድ ከልኩ በታች ይሆንና በሚቀጥለው ጉዞ የባሰ ይሞቃል።

ጎኑ ያበጠ ወይም ክሩ የታየ ጎማ አይጠገንም። ይጣላል።

ዕድሜውንም እዩ። ጎኑ ላይ ዲ.ኦ.ቲ ከሚለው ተከታታይ ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ቀኑ የተጻፈው በአንዱ ጎን ብቻ ስለሆነ ካጣችሁት በውስጥ በኩል ፈልጉ። ከስድስት ዓመት በኋላ በጥንቃቄ ይታያል፤ አስር ዓመት የሞላው ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይቀየራል። ያገለገለ ጎማ የምትገዙ ወገኖች ከዋጋው በፊት ይህንን አንብቡ። ጥርሱ ያማረ የዘጠኝ ዓመት ጎማ ረክሶ የሚሸጠው በደግነት አይደለም።

እኩል አያልቅም

መሃሉ ብቻ ካለቀ ንፋስ በዝቷል። የሚጎትት ሰው ተሳቢውን ፈትቶም በ80 ፒ.ኤስ.አይ ሳምንቱን ሙሉ ባዶ ስለሚነዳ የኋላ ጎማው መሃሉ ይላጣል። ስቲከሩ ላይ ያለው ልክ ለሙሉ ጭነት ነው። የመኪናው መጽሐፍ ባዶ ለሚነዳበት ዝቅ ያለ ልክ የሚፈቅድ ከሆነ በዚያ መንዳት ይቻላል። ተሳቢ ከማሰራችሁ በፊት ግን ተመልሶ ይሞላል። የምትረሱ ዓይነት ሰዎች ከሆናችሁ እንዳለ ተዉት፤ መሃሉ ያለቀ ጎማ ከፈነዳ ጎማ ይረክሳል።

ሁለቱም ጠርዝ ካለቀ ንፋስ አንሷል ወይም ጭነት በዝቷል። የፊት ጎማ በአንድ ጠርዝ ብቻ ካለቀ አላይመንት ነው። እዚህም እዚያም እንደተቆረሰ ዳቦ ከተበላ አሞርዛተሩ ደክሟል፣ ወይም ጎማው ባላንስ አልተደረገም። ምክንያቱን ሳያስተካክሉ አዲስ ጎማ ማስገባት ለአዲሱም ያንኑ ዕጣ መስጠት ነው።

ንፋስ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ምስማር ግን የለም

ቫልቩን እዩ። ተራው የጎማ ቫልቭ የተሠራው እስከ 65 ፒ.ኤስ.አይ ነው። 80 ለሚነፋ ጎማ ከፍተኛ ግፊት የሚችለው ወይም የብረቱ ዓይነት ያስፈልጋል። የጥቂት ዶላር ዕቃ ናት፤ ብዙ ጎማ ቤት ካልጠየቃችሁት እጁ ላይ የተገኘውን ያስገባል። ቸርኬ የቀየራችሁም የቸርኬው የራሱ የጫና ልክ ጀርባው ላይ እንደተጻፈ እወቁ። የሚያምር ቸርኬ ሁሉ ተሸካሚ አይደለም።

በ60 ማይል ይንቀጠቀጣል

ከባላንስ ጀምሩ። ጉድጓድ ወይም እብጠት ከዘለለ በኋላ መሪው ከእጅ እስኪያመልጥ የሚርገበገብ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። የፊት አክስላቸው ወጥ በሆነና ሞተሩ አራቱንም ጎማ በሚያሽከረክራቸው (ፎር ዊል) ፒክአፖች ላይ ይታያል። ጎማው ይቀሰቅሰዋል እንጂ ሥሩ ያለው የላላ የመሪ መገጣጠሚያ ላይ ነው። ፍጥነት ቀስ አድርጋችሁ ቀንሱና ዳር ያዙ። ከዚያ ከጎማ ቤት ይልቅ መካኒክ ዘንድ ሂዱ።

ትልቅ ጎማ ካስገባሁ ወዲህ ጉልበት አነሰው

ይህንን ሲሰሙ የሚቀየሙኝ አሉ። ጥርሱ ትልቅ፣ ቁመቱ ረጅም ጎማ ያምራል፤ አልክድም። ነገር ግን ከ32 ኢንች ወደ 35 ኢንች ስትሄዱ 3.73 የነበረው የዲፈረንሻል ምጣኔ 3.41 እንደሆነ ያህል ነው የሚሠራው። ዳገት ላይ ካምቢዮው ማርሽ ሲፈልግ ይውላል። ፍጥነት መለኪያው ካልተስተካከለ 65 ሲላችሁ እናንተ 71 ላይ ናችሁ። ፍሬኑም ከባድ ነገር ነው የሚያቆመው። አብዛኛው ሥራችሁ ሃይዌይ ከሆነ የፋብሪካውን መጠን በሃይዌይ ጥርስ ግዙ። ማንም ፎቶ አያነሳውም፤ ግን ይረጋል፣ አይጮህም፣ ነዳጅም አይበላም። የጭቃ ጎማ ጭቃ ላለበት ሰው ነው።

ኋላው ጥንድ ጎማ ከሆነ

ጎኑ ላይ 120/117 የሚል ብታዩ የመጀመሪያው ለነጠላ፣ ሁለተኛው ለጥንድ ነው። ኤል.ቲ 235/80 አር 17 ብቻውን 3,085 ይሸከማል፤ በጥንድ ሲሆን 2,835። ከጥንዱ አንዱ ቢተነፍስ ከውጭ አይታወቅም፤ ባልንጀራው የሁለቱን ሸክም ብቻውን ይዞ ይሄዳል። የውስጠኛውን ቫልቭ መድረስ ጉልበት ያስጨርሳል፤ ማራዘሚያ ግዙ። አዲስና አሮጌ አንድ ላይ አታጣምሩ። ረጅሙ ይሸከማል፣ አጭሩ ይጎተታል። ፎር ዊል መኪናም ጎማዎቹ ተቀራራቢ ካልሆኑ የኃይል ማከፋፈያው ይጎዳል።

በረዶና ዝናብ ላይ ይንሸራተታል

ኤም ፕላስ ኤስ (ጭቃና በረዶ ማለት ነው) የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ምልክት ግን የተፈተነ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው አይ-70 ላይ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ ጥርሱ ቢያንስ የኢንች 3/16 መሆን አለበት። ለሥራ የምትጎትቱና የተፈቀደው የፒክአፑና የተሳቢው ጥምር ክብደት 16,001 ፓውንድ የደረሰ ሰንሰለት መያዝም ግዴታችሁ ነው። ከግዛት ግዛት ለሥራ የሚሄድና ጥምር ክብደቱ ከ10,000 ያለፈ ደግሞ በፌዴራል ህግ የፊት ጎማው ጥርስ ከ4/32፣ የሌላው ከ2/32 ማነስ የለበትም። ኳርተር ሳንቲም ገልብጣችሁ ጥርሱ ውስጥ ክተቱ። የዋሽንግተን ፀጉር ጫፉ ድረስ ከታየ 4/32 አልቀረም።

ጎማ ቤት ስትሄዱ የሚዛኑን ወረቀት ይዛችሁ ግቡ። «ኤል.ቲ፣ ሎድ ሬንጅ ኢ፣ የጫና ቁጥሩ ከ121 ያላነሰ፣ የተሠራበት ዓመት የቅርብ፣ ቫልቩ የከፍተኛ ግፊት» በሉ፤ 121 የሚለውን በናንተ ስቲከርና ሚዛን ቀይሩት። ኤስ.ቲ የሚለው የተሳቢ ጎማ ነው፤ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢመስል ፒክአፕ ላይ አይገባም። ከተገጠመ በኋላ ከ50 እስከ 100 ማይል ነድታችሁ ዳዶዎቹን በቶርክ ቁልፍ እንደገና አስጠብቁ።

ስኮርታውንም አትርሱ። እኔ አራቱን ወደ ኢ ቀይሬ ዋላላው ከጠፋ በኋላ ነው ከመኪናው ሆድ ስር አውርጄ ያየሁት። 0911 ይላል። ንፋሱ 22 ፒ.ኤስ.አይ ነበር።