በድሮ ኬዝ ውስጥ አዲስ ኮምፒውተር ስትገጥሙ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ያ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ሞኒተር የሚሸከመው ነጣ ያለ የድሮ ኬዝ ትዝ ይላችኋል አይደል? እስካሁን በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፣ ምናለሽ ተራ ብትወርዱም አይጠፋም። ላሜራው ጠንካራ ነው፣ ቅርጹም ዛሬ ሱቅ ገብታችሁ የማታገኙት ነው። ውስጡን አውጥቶ በዘመኑ ዕቃ መሙላት ገንዘብ ለሚቆጥብ ሰው በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔም ለሚጠይቀኝ ሁሉ አድርጉት ነው የምለው። ችግሩ አብዛኛው ሰው ቅደም ተከተሉን ያዛባዋል። መጀመሪያ ዕቃ ይገዛል፣ ከዚያ ኬዙን ይከፍታል፣ ከዚያ አልገባ ሲለው መጋዝ ያነሳል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በፊት። ኬዙ ውስጥ ያለው ማሽን አሁንም የሚነሳ ከሆነ አታፍርሱት። በተለይ የእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ዕቃ ከሆነ፣ እንደ መጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ያለ፣ እንዳለ የሚፈልገው ሰው አለ፤ አንዴ ከተቆረጠ ደግሞ አይመለስም። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ውስጡ የሞተ ወይም ባዶውን የቀረ ኬዝ ነው።

ሳይለኩ መግዛት

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ማዘርቦርድ፣ ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ቦርድ ማለት ነው፣ በሦስት የተለመዱ መጠኖች ይመጣል። ሙሉው ኤቲኤክስ 30.5 በ24.4 ሴንቲ ሜትር፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ 24.4 በ24.4፣ ሚኒ አይቲኤክስ ደግሞ 17 በ17 ነው። ገንዘብ ለሚቆጥብ ሰው የሚያዋጣው ብዙ ጊዜ ማይክሮ ኤቲኤክስ ነው፣ ምክንያቱም ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ እንደ ልብም ይገኛል። ሚኒ አይቲኤክስ ቦታ በጣም ሲጠብ ብቻ ነው የሚመረጠው።

ርዝመትና ወርድ ለክታችሁ ግን እንዳትጨርሱ። በተጋደመ ኬዝ የሚያስቸግረው ቁመት ነው። ማዘርቦርዱ የሚያርፍበት ላሜራ ላይ ማስመሪያ አቁሙና እስከ ክዳኑ ድረስ ስንት እንደሆነ አንብቡ። ከዚያ ላይ ቦርዱን ከላሜራው ከፍ አድርገው ለሚይዙት መቆሚያዎች፣ ለቦርዱና ለፕሮሰሰሩ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀንሱ። የቀረው ለማቀዝቀዣው ነው። ለምሳሌ ራይዘን 5 5600ጂ ከሚባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ጋር በካርቶኑ የሚመጣው ማቀዝቀዣ 54 ሚሊ ሜትር ይቆማል። የእናንተ ቀሪ 50 ከሆነ ክዳኑ አይዘጋም። ልክ 54 ቢሆንም አያዋጣም፣ ፋኑ አየር የሚስብበት ክፍተት ስለማይኖረው ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ያስፈልጋል። ሲዲ ማጫወቻና ፍሎፒ የሚገቡበት መደርደሪያ ልክ በፕሮሰሰሩ አናት ላይ ተንጠልጥሎ የሚመጣባቸው ኬዞችም አሉ፤ እዚያ ላይ የምትለኩት እስከ ክዳኑ ሳይሆን እስከ መደርደሪያው ሥር ነው። መደርደሪያው በሪቬት የተያዘ ከሆነ በትራፓኖ ይለቃል፣ ማንሳት ትችላላችሁ።

ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፉ። ወደ ሱቅ ስትሄዱ ወረቀቱ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን።

የኬዙን ዘመን አለማየት

ኤቲኤክስ የሚባለውን ደረጃ ኢንቴል ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ኤቲ ነው። ለመለየት ኬዙን ወደ ጀርባው አዙሩት። ከካርዶቹ መውጫ ሌላ ያለው አንዲት ክብ የኪቦርድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ኤቲ ነው፣ የኋላውን ላሜራ መቁረጥና አዲስ መቆሚያ መብሳት ግድ ይላችኋል። የማዘርቦርዱ ሶኬቶች የሚወጡበት ረዘም ያለ ክፍት ቦታ ካለው ኤቲኤክስ ነው፣ ሥራችሁ በግማሽ ቀለለ።

እዚህ ላይ የሚያሳስት አንድ ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ቢቲኤክስ የሚባል ደረጃ መጥቶ ነበር፣ አንዳንድ የዴል ኦፕቲፕሌክስና ዳይሜንሽን ማሽኖች የተሠሩት በሱ ነው። ላየው ሰው ኤቲኤክስ ይመስላል፤ የቦርዱ ግራና ቀኝ ግን ተገልብጧል፣ ተራ ማዘርቦርድ አይቀበልም። ጀማሪ ከሆናችሁ እለፉት።

የድሮውን ፓወር ሰፕላይ «ይሠራል» ብሎ መተው

አብሮት የመጣውን ፓወር ሰፕላይ፣ የግድግዳውን መብራት ኮምፒውተሩ ወደሚፈልገው ኃይል የሚለውጠውን ሳጥን ማለት ነው፣ ሰክተው ፋኑ ሲዞር የሚረኩ ሰዎች አሉ። የፋን መዞር ምንም አይነግራችሁም። የእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ኮምፒውተር ኃይሉን በብዛት የሚወስደው ከ5 እና ከ3.3 ቮልት መስመር ነበር፤ የዛሬው ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ ግን የሚወስደው ከ12 ቮልት ነው። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። 250 ዋት ቢልም፣ 12 ቮልቱ 8 አምፒየር ከሆነ ከዚያ መስመር የምታገኙት 96 ዋት ብቻ ነው። በውስጡ ኃይል የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮችም አርጅተዋል። ካፓሲተር ሲያረጅ ቮልቴጁ ይዋዥቃል፣ ሲብስበት ደግሞ አዲሱን ማዘርቦርድ ይዞት ይሄዳል።

ኬዙ ላይ ያተረፋችሁት ብር መግባት ያለበት እዚህ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተሠሩ ብዙ ኬዞች ውስጥ መደበኛው ኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይ፣ ወርዱ 15 ቁመቱ 8.6 ጥልቀቱ 14 ሴንቲ ሜትር የሆነው ማለት ነው፣ ምንም ሳይቆረጥ ይገባል። ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ማሽን ደህና የ400 ዋት ከበቂ በላይ ነው። በርካሽ 700 የተጻፈበትን አይታችሁ አትሳቡ። የ12 ቮልቱን አምፒየር በ12 አባዙና ከተጻፈው ዋት ጋር አስተያዩት፤ በጣም ከራቀ ትልቁ ቁጥር እውነት አይደለም።

ዕቃው ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ከሆነ ደግሞ ከስፒናው መሰኪያ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀይ ማብሪያ እዩ። ብዙዎቹ አዳዲሶች የላቸውም፣ ራሳቸው ይለያሉ። ካለችና 115 ላይ ከሆነች ወደ 230 ግፏት። የእኛ መብራት 220 ነው፣ ሳትነኳት ከሰካችሁት ወዲያው ይቃጠላል።

ሰው ላይ ጉዳት የሚያደርሰው ግን የኤቲ ኬዝ ማብሪያ ነው፣ እባካችሁ ይቺን በደንብ አንብቡ። በፊት ለፊቱ ማብሪያ ላይ አራት ወፋፍራም ሽቦዎች ታያላችሁ፤ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ነጭና ሰማያዊ ናቸው። የተሸከሙት የግድግዳውን 220 ቮልት ነው፣ በቀጥታ። የዘመኑ ማዘርቦርድ ማብሪያ የሚፈልገው ግን በጣም ትንሽ ቮልቴጅ ያለው ምልክት ነው፣ ለቅጽበት ተጭኖ የሚለቀቅ። እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት ፈጽሞ አይታሰብም። የድሮውን ፓወር ሰፕላይ ከነሽቦውና ከነማብሪያው አውጡት፣ የፊቷን ፕላስቲክ ብቻ አስቀሩና ከኋላዋ የበር ደወል ዓይነት ተጭና የምትመለስ ትንሽ ስዊች አጣብቁ። ያወጣችሁትን ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ውስጡን ልየው ብላችሁ አትክፈቱት። ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ይዘውት የሚቆዩት ኃይል ክፉኛ ይነዝራል።

ከቢሮ ኮምፒውተር ማዘርቦርድ ነቅሎ ለማዛወር መሞከር

ሐሳቡ ሲሰሙት ደስ ይላል። ያገለገለ የቢሮ ማሽን በርካሽ ይገዛና ውስጡ ወደ ድሮው ኬዝ ይዛወራል። ግን ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ ብዙ ነገራቸውን የሚሠሩት ለራሳቸው ኬዝ ብቻ ነው። ኦፕቲፕሌክስ 9020ን ብትከፍቱ ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባው የተለመደው ባለ 24 ፒን ሳይሆን ባለ 8 ነው። የፊት ማብሪያው ሶኬትም የራሱ ነው። መለወጫ ኬብል ይገኛል፣ ግን ሁሉም ተደምሮ ያተረፋችሁትን ይበላዋል። ከዚህ የሚሻለው የማሽኑን ራም፣ ኤስኤስዲና ፕሮሰሰር ወስዳችሁ ለፕሮሰሰሩ የሚስማማ ተራ ማይክሮ ኤቲኤክስ መፈለግ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል፣ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው። የ3ኛና የ4ኛ ትውልድ ማሽን ስትገዙ ይሄን አስቡበት። ሊኑክስ ለምትጠቀሙ ግን አሁንም ጎበዝ ማሽኖች ናቸው።

ምስል የማያወጣ ፕሮሰሰር መግዛት

ግራፊክስ ካርድ ለመግዛት ካላሰባችሁ ፕሮሰሰሩ ራሱ ግራፊክስ ያለው መሆን አለበት። ራይዘን 5 5600ጂ አለው፣ ጂ የሌለበት 5600 የለውም። በኢንቴል በኩል ደግሞ ስሙ መጨረሻ ላይ ኤፍ ያለበት የለውም። ብዙ ሰው በአንዲት ፊደል ነው የሚሸወደው። 5600ጂን ቢ450 ማዘርቦርድ ላይ የምትገጥሙ ከሆነ ባዮሱ፣ ማሽኑን የሚያስነሳው ቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም ማለት ነው፣ የቆየ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ማሽኑ አይነሳም፤ ሻጩ አዘምኖ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት። ራሙን ደግሞ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ሳይሆን ሁለት ባለ 8 አድርጉት። ግራፊክሱ የሚሠራው በራም ስለሆነ ጌም ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

ካርድ የግድ ነው የምትሉ፣ ቀጠን ያለ ኬዝ የሚቀበለው ሎው ፕሮፋይል የሚባለውን አጭሩን ብቻ ነው። ጂቲ 1030 ወይም አጭሩ ጂቲኤክስ 1650 እዚህ ላይ ጥሩ ናቸው። ከፓወር ሰፕላዩ ለብቻው ኬብል የማይፈልገውን ምረጡ፣ ማስገቢያው ራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል።

ሙቀቱን መርሳት

የድሮ ኮምፒውተር ብዙም አይሞቅም ነበር፣ ስለዚህ ኬዙ ፊቱ ድፍን ነው። አየር የሚገባው ከታች ባለች ጠባብ ስንጥቅ ነው፣ የሚወጣው ደግሞ በፓወር ሰፕላዩ ፋን፣ ቢበዛ በአንዲት ባለ 80 ሚሊ ሜትር ፋን። ይሄ ለዛሬ ፕሮሰሰር አይበቃም። ፍሎፒ ይገባበት የነበረውን ቦታ ክፍት አድርጋችሁ ከኋላው ወንፊት ብትለጥፉ ፊቱ ሳይበላሽ ጥሩ የአየር መግቢያ ይሆናል። ከ65 ዋት በላይ የሆነ ፕሮሰሰርም አታስገቡበት። ክዳኑ ላይ ቀዳዳ ከበሳችሁ ደግሞ ዳንቴል አታልብሱት፣ ሞኒተርም አታስቀምጡበት።

ዕቃው ውስጥ እያለ መቁረጥና መብሳት

አጭር ነው፣ ግን ጨክናችሁ ያዙት። ትራፓኖ ወይም መጋዝ ከመነሳቱ በፊት ኬዙ ባዶውን ይሁን። ዓይን የማያየው የብረት ፍርፋሪ ቦርዱ ላይ ካረፈ ሾርት ያደርጋል። ከቆረጣችሁ በኋላ ጠርዙን በሞረድ አለስልሱ፣ በብሩሽና በማግኔት ጥረጉ፣ የተቆረጠውን ቀለም ቀቡት፣ አለበለዚያ ይዝጋል። መነጽር አድርጉ።

ሳይሞክሩ መግጠም

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ማዘርቦርዱን የመጣበት ካርቶን ላይ አስቀምጡት። ፕሮሰሰሩን ከነማቀዝቀዣው፣ አንድ ራም፣ ባለ 24 ፒኑንና የፕሮሰሰሩን ኬብል ብቻ ግጠሙ። ከዚያ የማብሪያውን ሁለት ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለቅጽበት አነካኩ። ምስል ከመጣ ወደ ኬዙ ይግባ። ካልመጣ ደግሞ ችግሩ ኬዙ እንዳልሆነ አወቃችሁ፣ ሁሉን ነገር ፈትታችሁ መልሳችሁ ከመግጠም ተረፋችሁ።

ሲገባ ከቦርዱ ቀዳዳ ጋር የማይገጥም መቆሚያ ካለ ንቀሉት፣ ከሥር ያለውን ብየዳ ይነካል። ከላሜራው ጋር አብሮ የተሠራና የማይነቀል ከሆነ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ሸፍኑት። የፊት መብራቷ ሶኬት ደግሞ በድሮ ኬዝ ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሆኖ መሃሉ ባዶ ነው፣ በአዲሱ ቦርድ ግን ሁለቱ ፒኖች ጎን ለጎን ናቸው። መቁረጥ አያስፈልግም። የፕላስቲኳን ምላስ በመርፌ ጫፍ ቀና አድርጋችሁ ሽቦዋን ሳቡ፣ ወጥታ ወደ መሃሉ ቀዳዳ ትገባለች። መብራቷ ካልበራች አገላብጣችሁ ሰኩ፣ አትቃጠልም።

ቢጫውን ለማንጣት መቸኮል

ፕላስቲኩ ቢጫ የሚሆነው በውስጡ እሳት እንዳይይዘው በተጨመረው ብሮሚን ያለበት ነገርና በፀሐይ ምክንያት እንደሆነ ይነገራል። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ የውበት ሳሎን ሰዎች ለፀጉር በሚጠቀሙበት ክሬም ማለት ነው፣ ቀብቶ በላስቲክ ሸፍኖ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ይሠራል። የአዲስ አበባ ፀሐይ ለዚህ ጠንካራ ነው፣ ስለዚህ ክሬሙ ቶሎ ይደርቃል፣ የደረቀበት ቦታ ደግሞ ነጭ መስመር ሆኖ ይቀራል። ጓንት አድርጉ፣ መጀመሪያ በማይታይ በኩል ሞክሩ። ከጊዜ በኋላ ቢጫው ሊመለስ ይችላል። ለእኔ ቢጫው ራሱ ያምራል፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ቢታጠብ ይበቃዋል።

ግራውንድ በሌለው ሶኬት መጠቀም

የድሮ ኬዝ ሁለመናው ብረት ነው። የቤታችሁ ሶኬት ወይም ዲቫይደሩ ሦስተኛው መስመር ከሌለው ኬዙን ስትነኩት ይነዝራችኋል። ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ አይደለም፣ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ጥቂቱን ወደ ብረቱ ስለሚለቅ ነው። ነገር ግን ፓወር ሰፕላዩ አንድ ቀን ከውስጥ ቢበላሽ ያው ብረት ሙሉውን 220 ሊይዝ ይችላል፣ ስለዚህ ለኤሌክትሪሺያን ነግራችሁ ግራውንድ አስዘርጉ። ከተረፋችሁ አንድ ዩፒኤስ ጨምሩበት፣ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው ፓወር ሰፕላይና ዲስክ ነው።