«አልመጣልኝም» ለምትሉ ሠዓሊዎች፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መላው

ሸራ መወጠርና ብሩሽ ማጠብ እንደምታውቁ ቆጥሬ ነው የምጽፈው። ደሴ ውስጥ ከሥዕል እንጀራ የሚበሉ ልጆች ይዘውልኝ የሚመጡት ችግር አብዛኛው አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ እሱ ላይ ረዘም እላለሁ።

ምልክት፦ ሸራው ፊት ትቀመጣላችሁ፣ ምንም አይመጣም። ከመጣም ያው ያለፈው ሥዕል ነው።

መንስኤው ስልክ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ከስልክ፣ የሐይቅ ውሃ ከስልክ፣ ግመሉም ከስልክ። ፎቶው ላይ ብርሃኑንም፣ ማዕዘኑንም፣ የቱ ይግባ የቱ ይቅር የሚለውንም ሌላ ሰው ወስኖ ጨርሶታል። ለእናንተ የቀረው መቀባት ብቻ ነው። ዓይን ሥራ ሲፈታ ሐሳብም ይነጥፋል።

አንድ እጁ የተባረከ ልጅ የባቲን ገበያ ሥሎ አመጣ። ግመሎቹ ሁሉም ቆመዋል፣ ሁሉም ወደ ግራ ያያሉ። «ግመል ሲንበረከክ የትኛው እግሩ ይቀድማል?» አልኩት። ዝም አለ። ባቲ እኮ ከደሴ ጠዋት ሄደው ማታ የሚመለሱበት አገር ነው! ሰኞ፣ በገበያው ቀን፣ ይዤው ወረድኩ። የፊት እግሮቹን አጥፎ በጉልበቱ ዝቅ ይላል፣ የኋላው ይከተላል፣ ከዚያ ደረቱ መሬት ይነካል። ልጁ ይህን በእርሳስ እየተከታተለ፣ ከአፋር ቆላ የመጣውንና ከደጋ የወረደውን ሰው ሲደራደር እያየ፣ ደብተሩን ሞልቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ «አልመጣልኝም» ሲል አልሰማሁትም።

መላው፦ ኪስ የሚገባ ደብተርና እርሳስ። ላጲስ አትያዙ። የሚንቀሳቀስ ነገር ቆማችሁ ሣሉ፣ ለአንዱ 2 ደቂቃ ይበቃል። ባቲ ከራቀ መናኸሪያ አለ፣ ክረምት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም አለ። ሰው ስትሥሉ አስፈቅዱ፤ ገበያ መሀል እየጻፈ የሚቆም ሰው ነጋዴን ያሠጋል። «ለማስታወሻ» ብላችሁ ፎቶ አታንሱ። አታንሱ! ቤት ስትገቡ ከደብተሩ ይልቅ ፎቶውን ነው የምትከፍቱት።

ምልክት፦ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ «እጄ ሞተ» ትላላችሁ።

እጃችሁ ደህና ነው፣ አብሽሩ። ጨርቁ ነው። «ዝግጁ ሸራ» እየተባለ የሚሸጠው አንዳንዱ ነጭ የመሠረት ቀለም አንዴ ብቻ ያለፈበት አቡጀዲ ነው፤ ይህን ለተማሪ መሸጥ ነውር ነው። ጠብታ ውሃ አድርጉበት። ከመጠጠ፣ አንዱን እጅ ወደ ታች፣ ሲደርቅ ሁለተኛውን ወደ ጎን ነጩን ቀለም ደግሙት። ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥነው ቀለም) በወጉ አይያያዝም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ሌሊት አትቀቡ።

ምልክት፦ ትዕዛዝ ሞልቷል፣ የራስ ሥራ የለም።

ጠዋቱን ለራሳችሁ፣ ከሰዓቱን ከሠርግና ከምረቃ ፎቶ ለሚሣለው ትዕዛዝ አድርጉት። ያለ ቀብድ ሥራ አትጀምሩ፣ ለዘመድም ቢሆን።

አልፎ አልፎ የሚገጥም፦ ራስ ምታት ካለ አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛውን) በተዘጋ ክፍል እየከፈታችሁ ነው፣ መስኮት ክፈቱ። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለ፣ ሳምንታትም ከቆየ፣ ጉዳዩ ከሥዕል አልፏልና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።