የወደዳችሁት አኒሜሽን ኦስካር ሲያጣ፦ ንዴትን የማስተናገጃ መመሪያ

ይህን የምጽፈው ቤታቸው ውስጥ የአኒሜሽን አፍቃሪ ላላቸው ሰዎች ነው። አፍቃሪው ራሳችሁ ከሆናችሁም ያው ነው። እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ሱቄ ውስጥ ቴሌቪዥን አለ። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ የብሎኩ ልጆች እናቶቻቸው ከሥራ እስኪገቡ እኔ ጋ ይቆያሉ። የእህቴ ልጅ የዚህ ቡድን አለቃ ናት። ስለዚህ "ተበላን!" የሚለውን ጩኸት በየዓመቱ እሰማለሁ። ጩኸቱን ማስቆም አይቻልም፤ ማሳጠር ግን ይቻላል።

በጽሑፉ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፣ ተኙ

የኦስካር ሥነ ሥርዓት በቅርብ ዓመታት የሚጀምረው በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ላይ ነው፤ እሁድ ለሰኞ አጥቢያ። የአኒሜሽኑ ሽልማት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ አካባቢ ይሰጣል። ፈተናው እዚህ ላይ ነው። "እሱን ብቻ አይቼ እተኛለሁ" ይሏችኋል። ፊልሙ የተሸነፈበት ልጅ አይተኛም። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ፈተና አለ፣ ለትልልቆቹ የቃሊቲ ታክሲ ሰልፍ አለ።

የእኔ ሕግ አጭር ነው። ስልክ ሳሎን ያድራል። ውጤቱ የሚታየው ቁርስ ከተበላ በኋላ ነው። በባዶ ሆድ መርዶ አይነገርም።

ማን እንደሚመርጥ ቀድማችሁ ንገሯቸው

እንቅልፉ ቀላል ነው። ከባዱ "ተጭበረበረ" የሚለው ወሬ ነው። ይሄ ወሬ የሚነሳው ልጆቹ ሽልማቱን እንደ ትምህርት ቤት ፈተና ስለሚያዩት ይመስለኛል። የበለጠው ፊልም የበለጠ ነጥብ ያገኛል ብለው ያስባሉ። ኦስካር ግን ምርጫ ነው። ስለዚህ ከሥነ ሥርዓቱ በፊት ባለው ሳምንት ተቀምጣችሁ መራጩ ማን እንደሆነ አስረዷቸው። ካለፈ በኋላ ብትነግሯቸው ማጽናኛ ይመስላቸዋል፣ አይሰሟችሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦስካርን የሚሰጠው የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ መራጮች አሉት። በቁጥር የሚበልጡት ተዋንያን ናቸው። እጩዎቹን የሚለዩት የአኒሜሽን ባለሙያዎችና በፈቃዳቸው የተመዘገቡ ሌሎች አባላት ናቸው። በመጨረሻው ዙር ግን የሁሉም ሙያ አባላት ድምፅ ይሰጣሉ። ተዋናዩም፣ ሙዚቃ ደራሲውም፣ የልብስ ዲዛይነሩም። (የሙያ ባልደረቦቼ መሆናቸው ነው። ስለ ስፌት ብጠየቅ ደስ ይለኛል። ስለ አኒሜሽን አሠራር ግን ወሳኝ ድምፅ ባይሰጠኝ ይሻላል።)

ሌላም ነገር አለ። እስከ 2025ቱ ሽልማት ድረስ የአኒሜሽን እጩዎቹን ሁሉ ሳያዩ መምረጥ ይቻል ነበር። ከ2026ቱ ጀምሮ ግን አንድ አባል በመጨረሻው ዙር ለመምረጥ የዘርፉን እጩዎች በሙሉ ማየት አለበት የሚል ደንብ ወጥቷል። ይህን ስነግራቸው የእህቴ ልጅ መቀሷን አስቀምጣ ዞረችብኝ።

"እቴቴ፣ እስከ ዛሬ ሳያዩ ነበር የሚመርጡት?"

"አንዳንዶቹ።"

"ታዲያ እኛ ምን ያናድደናል!"

መድኃኒቱ ይሄ ነው። ዳኛው ማን እንደሆነ ያወቀ ልጅ ውጤቱን እንደ ፍርድ አያየውም።

አኒ የሚባለውን ሽልማት አስተዋውቁ

ሆሊውድ ውስጥ የአኒሜሽን ባለሙያዎች ማኅበር የሚሰጠው "አኒ" የሚባል ሽልማት አለ። ከ1972 ጀምሮ የነበረ ነው። ከኦስካር ጥቂት ቀደም ብሎ ይሰጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አሳዩ። ከ2020 እስከ 2025 ከነበሩት ስድስት ሽልማቶች በአራቱ አልተስማሙም።

በ2020 አኒ "ክላውስ"ን መረጠ፣ ኦስካር "ቶይ ስቶሪ 4"ን። በ2022 አኒ "ዘ ሚቸልስ ቨርሰስ ዘ ማሺንስ"ን፣ ኦስካር "ኢንካንቶ"ን። በ2024 አኒ ሁለተኛውን የ"ስፓይደር ቨርስ" ፊልም፣ ኦስካር የጃፓናዊውን ዳይሬክተር የሚያዛኪን "ዘ ቦይ ኤንድ ዘ ሄረን"። በ2025 አኒ "ዘ ዋይልድ ሮቦት"ን፣ ኦስካር "ፍሎው"ን። የተስማሙት በ2021 በ"ሶል" እና በ2023 በዳይሬክተር ዴል ቶሮ "ፒኖኪዮ" ነው። ለነገሩ በ2021 ኦስካር "ዎልፍዎከርስ"ን አልፎ "ሶል"ን መምረጡ እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም። ያ ፊልም በእጅ የተሳለ ነው። መስመሩ እንኳ ይተነፍሳል።

ይህን ዝርዝር ወረቀት ላይ ጽፌ ከስፌት ማሽኑ በላይ ለጥፌዋለሁ። የ"ክላውስ" ወዳጅ ሆኖ የሚያለቅስ ሲመጣ ጣቴን ወደ ግድግዳው እቀስራለሁ። ሙያውን የሚያውቁት ሰዎች መርጠውታል። ብሪታንያውያንም የባፍታ ሽልማታቸውን ለእሱ ነው የሰጡት። ኦስካር አንዱ በር ነው፤ ሌላም በር አለ።

ለትንንሾቹ ደግሞ የቤታችንን ምሳሌ እጨምራለሁ። የአገራችን የልጆች ፕሮግራም "ፀሐይ መማር ትወዳለች" ላይ ያለችው አሻንጉሊት ቀጭኔ በ2008 ጃፓን ፕራይዝ የሚባለውን የትምህርት ፕሮግራሞች ሽልማት ወስዳለች። የዓለም ወሬ አልሆነም። ሽልማቱ ግን ሽልማት ነው። የብሎካችን ልጆች ይህን ሲሰሙ ደረታቸውን ይነፋሉ፤ ራሳቸው የተሸለሙ ይመስል።

እስከ ሰልስት ይቆጡ

አሁን ሰኞ ሆኗል፣ ፊልማቸው ተሸንፏል። ምን ይደረጋል?

በመጀመሪያ "ለካርቱን ነው እንዴ?" አትበሉ። ይቺ አባባል ብዙ ቤት አፍርሳለች ብል አላጋነንኩም። ልጅቷ ሁለት ዓመት የጠበቀችው፣ ደብተሯ ላይ የሣለችው ነገር ነው። ትልልቁ ሰው ለኳስ ሲያለቅስ ማንም "ለኳስ ነው እንዴ?" አይለውም። ቢለውም አይሰማም።

እኔ ጋ ሰልስት ድረስ ይፈቀዳል። ሦስት ቀን ይቆጡ፣ ያጉረምርሙ፣ "ኦስካር ድሮ ቀረ" ይበሉ። በነዚህ ቀናት መከራከር አያስፈልግም። የኦስካር ሰሞን ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾምን ስለሚነካ ማጽናኛውም የጾም ይሁን። ፈንዲሻ፣ ምስር ሳምቡሳ፣ ሻይ። ሳምቡሳ አፉ ውስጥ ያለ ልጅ ብዙ አይሳደብም።

የሚከለከለው አንድ ነገር ነው። ያሸነፈውን ፊልም ሳያዩ መስደብ። እኛ ቤት ሕጉ "አይተህ ስደብ" ነው። አይቶ የሚሳደብ ሰው ሙሉ መብት አለው። ያላየ ግን ሳያዩ ከሚመርጡት በምን ተለየ?

ይህ ሕግ የሠራው በተለይ በ2025 ነው። የእህቴ ልጅ የ"ዘ ዋይልድ ሮቦት" ወገን ነበረች። "ፍሎው" አሸነፈ ሲባል "ድመት?! ዝም ብላ የምትዋኝ ድመት?!" አለች። ከሰልስት በኋላ ቁጭ ብለው አዩት። ፊልሙ ውስጥ አንድም ቃል አይነገርም። ድመቷ ትጮሃለች፣ ውሃው ይሞላል፣ እንስሳቱ ጀልባ ላይ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ለዚህ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ሌላ ጊዜ እንግሊዝኛ የሚችለው አንዱ ልጅ እየተረጎመ ሌሎቹ "ምን አለ? ምን አለ?" ሲሉ ግማሹ ያልፋል። አንዳንዶቹ ቤታቸው ኦሮምኛ ነው የሚያወሩት፣ አንዳንዶቹ አማርኛ፣ የአምስት ዓመቱ ደግሞ ገና ማንበብ አልጀመረም። ያን ቀን ሁሉም እኩል ገባቸው። አስተርጓሚውም ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብሎ ፊልም አየ።

ከዚያ የአሠራሩን ታሪክ ነገርኳቸው። ዳይሬክተሩ ጊንትስ ዚልባሎዲስ የላትቪያ ሰው ነው። ላትቪያ ከዚያ በፊት ኦስካር ወስዳ አታውቅም። ፊልሙ የተሠራው ብሌንደር በሚባል ፕሮግራም ነው። ብሌንደር ነፃ ነው፤ ማንም አውርዶ ይጠቀምበታል። ወጪው ወደ 3.5 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። የ"ዘ ዋይልድ ሮቦት" ወጪ ወደ 78 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረምሳ "ነፃ" የሚለውን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሳ። አሁን የአባቱ ላፕቶፕ ላይ ኩብ እያሽከረከረ ነው። አባትየው ሲስተሙ ቀርፋፋ ሆነብኝ እያለ ያማርራል።

የእህቴ ልጅ ሐሳቧን አልቀየረችም። አሁንም ሮቦቷ ይበልጣል ትላለች። ግን ድመቷን መስደብ አቁማለች፤ ለእኔ ይህ ይበቃል።

የራሳችሁን ምርጫ አድርጉ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ንዴት ሥራ ካልተሰጠው አይወጣም። እኛ በብሎካችን የጋራ ቤት ውስጥ ድምፅ እንሰጣለን። ሕጉ ሁለት ነው፦ አምስቱንም እጩዎች ያላየ አይመርጥም፤ የራሱን ወረቀት ለሌላ የሚያሳይ አይቆጠርለትም።

አቆጣጠሩን ሁለት ጊዜ እናደርገዋለን። መጀመሪያ በቀላሉ፣ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። የኦስካር አኒሜሽን ዘርፍ የሚቆጠረው እንዲህ ነው። ቀጥሎ ደረጃ በመስጠት። ምርጥ ፊልም የሚባለው ትልቁ ዘርፍ ከ2010ሩ ሥነ ሥርዓት ጀምሮ የሚቆጠረው በዚህኛው ነው። እያንዳንዱ መራጭ አምስቱን ፊልሞች ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ይደረድራል።

ልዩነቱን በምሳሌ ላሳያችሁ። መራጮቹ 11 ናቸው እንበል። ፊልም "ሀ" 4 የአንደኝነት ድምፅ አገኘ፣ "ለ" 3፣ "ሐ" 2፣ "መ" 1፣ "ሠ" 1። በቀላሉ ከተቆጠረ "ሀ" አሸናፊ ነው። ከ11ዱ 7ቱ ግን አንደኛ አላደረጉትም።

አሁን በደረጃ። ታች ያሉት "መ" እና "ሠ" ይወጣሉ። የመራጮቻቸው ወረቀት አይጣልም፣ ሁለተኛ ብለው ወደጻፉት ይሄዳል። የ"መ" መራጭ ሁለተኛ ያለው "ለ"ን ከሆነ "ለ" 4 ይሆናል። የ"ሠ"ው "ሐ"ን ካለ "ሐ" 3 ይሆናል። ገና ከግማሽ በላይ ያገኘ የለም፤ ስለዚህ አሁን "ሐ" ይወጣል። ከሦስቱ ወረቀቶች ሁለቱ ወደ "ለ"፣ አንዱ ወደ "ሀ" ከሄደ "ለ" 6፣ "ሀ" 5። አሸናፊው ተቀየረ። ያው ሰዎች፣ ያው ወረቀቶች፣ ሌላ አሸናፊ።

ይህን ጠረጴዛ ላይ ወረቀት እያንቀሳቀሳችሁ አሳዩ። በቃል ብቻ ብትነግሯቸው አይገባም፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ በልብስ ቁልፍ ነው። ለእያንዳንዱ ፊልም አንድ የቁልፍ ቀለም መደብኩና ከሳህን ሳህን አዘዋወርኩ። ቆጣሪው የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ጋሼ ፊልሞቹን አላዩም፣ ስለዚህ ወገን የላቸውም። "እኔ የውሃ ሒሳብ ስሰበስብ የሚጨቃጨቀው ሰው ይህን ያህል አይጨቃጨቅም" ይላሉ፤ ግን በየዓመቱ ቀድመው የሚገኙት እሳቸው ናቸው።

ላልታጨ ፊልም የሚያለቅስ ቢኖር ስድስተኛ ወረቀት ጨምሩለት። "ዘ ሌጎ ሙቪ" በ2015 በዚህ ዘርፍ ጭራሽ አልታጨም ነበር፤ የታጨው ለዘፈኑ ነው። እኛ ጋ ግን ይወዳደራል። የ1990ዎቹን ፊልሞች የሚወዱ አባቶችም አሉ። ለነሱ "ላየን ኪንግ" ሲወጣ ይህ ዘርፍ አልነበረም በሏቸው፤ የወሰደው ሁለት ኦስካር የሙዚቃ ነው። ዘርፉ የተጀመረው በ2002 ነው፣ "ሽሬክ" "ሞንስተርስ ኢንክ"ን ያሸነፈ ዕለት። ያኔ ያለቀሱት አሁን የልጆች አባት ሆነዋል።

የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። የእጩዎቹ ዝርዝር በጥር ይወጣል፣ ሥነ ሥርዓቱ በመጋቢት መጀመሪያ አካባቢ ነው። በመሃል አምስቱንም ለማየት በቂ ቅዳሜዎች አሉ፤ መብራት የሚጠፋበትን ቅዳሜም አስቡበት። ለማግኘት ከሚያስቸግረው ጀምሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከትንሽ አገር የመጣው ነው። ታዋቂውን ሰው ሁሉ ስለሚያወራው ለመጨረሻው ሳምንት ተዉት። ያን ዓመት ማንን እንደሚደግፉ ደግሞ አራቱን ሳያዩ አይወስኑ።