ለጠረጴዛ የሚና ጨዋታ አንበጣ መሰል ሕዝብ እንዴት ይፈጠራል

እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ በጠረጴዛ ዙሪያ በሚጫወትባቸው የምናብ ጨዋታዎች ውስጥ ነፍሳት መሰል ሕዝቦች ሞልተዋል። አብዛኞቹ ግን አንቴና የበቀለባቸው ሰዎች ናቸው። እንደ ሰው ያወራሉ፣ እንደ ሰው ይሰለፋሉ፣ ሲመቱም እንደ ሰው ይወድቃሉ። ተጫዋቾች በሚቀጥለው ሳምንት ሲሰበሰቡ «እነዚያ አራት እጅ ያላቸው» ከማለት በቀር የሚያስታውሱት የለም። ይህ የሚሆነው ፈጣሪው ከንብ ንግሥቷን፣ ከጉንዳን ሠራዊቱን፣ ከጊንጥ መርዙን ለቃቅሞ አንድ አካል ላይ ስለሚሰፋ ነው። ጊንጥ እንዲያውም ከነፍሳት ወገን አይደለም፤ እግሩ ስምንት ነው።

የሚሻለው አንድ የነፍሳት ዝርያ መርጦ ከአኗኗሩ አንድ ሕግ ማውጣት ነው። ከዚያ አካሉም፣ ቁጥሩም፣ ባህሉም፣ ድክመቱም ከዚያው ሕግ ይመዘዛሉ። እዚህ የምንሠራው በበረሃ አንበጣ ላይ ተመሥርተን ነው። ቁጥሮቹ ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የሚና ጨዋታ 5ኛ እትም የ2014 እ.ኤ.አ. ሕግን ይከተላሉ። በሌላ ሕግ የምትጫወቱ ከሆነ ቁጥሩን ቀይሩ፣ አካሄዱ ግን አይለወጥም።

1. ሕጉን አውጡ

የበረሃ አንበጣ በአዘቦቱ ብቸኛ ነው፤ ሌላ አንበጣ ሲያይ ይሸሻል። ዝናብ ሲዘንብ ቅጠሉ ይበዛል፣ እሱም ይራባል። ምድሩ መድረቅ ሲጀምር ደግሞ ሁሉም በቀረችው ጥቂት ልምላሜ ላይ ይታጨቃል። የኋላ እግሮቹ በተደጋጋሚ ሲነኩ በነርቭ ሥርዓቱ ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው ኬሚካል ይጨምራል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥም ይሸሻቸው የነበሩትን መከተል ይጀምራል። ክንፍ ያላወጣው ኩብኩባ ቆዳውን እየጣለ ሲያድግ ቢጫና ጥቁር ይሆናል፤ ክንፍ ሲያወጣ መጀመሪያ ሮዝ፣ ለአቅመ መራባት ሲደርስ ደማቅ ቢጫ ይለብሳል። የነፍሳት ተመራማሪው ቦሪስ ኡቫሮቭ በ1921 እ.ኤ.አ. ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ይባሉ የነበሩ አንበጦች የአንድ ዝርያ ሁለት መልኮች መሆናቸውን ጽፏል። እሱ ያጠናው ሌላ አንበጣ ቢሆንም ነገሩ ለበረሃ አንበጣም ይሠራል።

ሕጋችን እንግዲህ ይኸው ነው፦ ብቻውን ሲኖር አንድ ፍጡር፣ ሲጨናነቅ ሌላ ፍጡር። በወረቀታችሁ አናት ላይ ጻፉት። ከዚህ በኋላ የሚመጣላችሁ ሐሳብ ሁሉ ከዚህ ዓረፍተ ነገር ጋር ካልተያያዘ፣ የቱንም ያህል ቢያምር ለሌላ ፍጡር አቆዩት።

2. ስም ስጡ

ነፍሳት ከንፈር የላቸውም። ስለዚህ ከቋንቋቸው በከንፈር የሚወጡትን ም፣ ብ፣ ፕ፣ ፍ እና ው አስወጡ። ለእንደዚህ ያለ አፍ የሚስማሙት ቅ፣ ጭ፣ ጥ እና ጽ በአማርኛ ሞልተው ስለተረፉ ስም ማውጣት አይቸግርም። ሕዝቡን ቃጭራ እንበለው፤ የሰዎቹ ስም ደግሞ ጢቃር፣ ረጢን፣ ጭላቅ ይሁን። ጨዋታ መሪው (ታሪኩን የሚመራውና የተጫዋቾች ያልሆኑትን ፍጡራን የሚወክለው ሰው) እነሱን ሆኖ ሲናገር ከንፈሩን ሳያገጥም ለመናገር ቢሞክር ድምፁ ራሱ ይለወጣል።

3. አካሉን ሥሩ

ሦስት ክፍል አለው፦ ራስ፣ ደረት፣ ሆድ። ስድስቱም እግሮች የሚበቅሉት ከደረት ነው። ሁለቱን ረጃጅም የኋላ እግሮች መቆሚያ፣ መካከለኞቹን ዋና እጆች፣ የፊቶቹን ትንንሽ መያዣ እጆች አድርጓቸው። ትንንሾቹ ምግብ ይይዛሉ፣ በር ይከፍታሉ፤ ጦር መሣሪያና ጋሻ ግን አይዙም። ይህን ክልከላ አትዝለሉት። ካልከለከላችሁ አንዱ ተጫዋች በሁለት እጁ ትልቅ ሰይፍ፣ በሦስተኛው ጋሻ ይዞ ይመጣል፤ የሁለቱንም ጥቅም በአንድ ጊዜ ሲያገኝ የሌላው ተዋጊ ሚና ይሞታል።

የአንበጣ ጆሮ ራሱ ላይ አይደለም፤ በሆዱ የመጀመሪያ ክፍል ግራና ቀኝ ነው። የሚተነፍሰውም በአፉ ሳይሆን በጎኖቹ በተደረደሩ 10 ጥንድ ቀዳዳዎች ነው። ለጨዋታው ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ቃጭራን አንገቱን አንቆ መግደል አይቻልም፤ አፉን አፍኖ ዝም ማሰኘትም አይቻልም፣ ድምፅ የሚያወጣው እግሩን ከክንፉ ጋር ፍቆ ነውና። በተቃራኒው ውኃ እስከ ደረቱ ከደረሰ ራሱ ከላይ እያለ መታፈን ይጀምራል። ተጫዋቾች ይህን ራሳቸው ሲደርሱበት የሚሰማቸውን ደስታ መግለጫ ጽፋችሁ አትቅደሙት።

መጠን ላይ አንድ እውነት አለ። ሰው የሚያህል ነፍሳት በእነዚህ ቀዳዳዎች ብቻ በቂ አየር ማግኘት አይችልም። ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ አየሩ ከዛሬው የበለጠ ኦክስጅን እንደነበረው በሚታሰብበት ዘመን የኖረው የውኃ ተርብ መሰሉ ሜጋኒዩራ እንኳ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ስለዚህ ለቃጭራ ቀዳዳዎቹን እንደ ወናፍ የሚገፉ የአየር ከረጢቶች ስጡትና እለፉ። መብረርን ግን አትስጡት፤ በአየር ላይ መንሸራተት ይበቃዋል። በ1ኛ ደረጃ፣ ማለትም ገና ከጨዋታው መነሻ የሚበር ገጸ ባሕርይ ወንዙን፣ ገደሉንና ግንቡን ሁሉ ዋጋ ያሳጣል፤ ጨዋታ መሪው ያዘጋጀው እንቅፋት ግማሹ በዚያው ይቀራል።

4. ቁጥሩን አስቀምጡ

ለብቸኛው ቃጭራ፦ ጉልበት 12፣ ቅልጥፍና 15፣ ጽናት 12፣ ዕውቀት 10፣ ማስተዋል 13፣ ግርማ 8። ከእያንዳንዱ 10 ቀንሳችሁ ለሁለት ስታካፍሉና ወደ ታች ስታጠጉ ማስተካከያው (ዳይሱ ላይ የሚጨመረው ቁጥር) ይመጣል፤ የቅልጥፍናው +2 ነው። የመከላከያ ቁጥሩ፣ ማለትም አጥቂው ባለ 20 ፊት ዳይስ ጥሎ ሊደርስበት የሚገባው ቁጥር፣ 14 ይሁን፦ ከቅርፊቱ 12፣ ከቅልጥፍናው 2። የሕይወት ነጥቡ (ሲያልቅ የሚወድቅበት) ባለ 8 ፊት ዳይስ ሦስት ጊዜ ተጥሎ 3 ሲጨመርበት ነው፤ አማካዩ 16። ፍጥነቱ 30 ጫማ። ያለ መንደርደሪያ 20 ጫማ ይዘላል፤ በተለመደው ሕግ ጉልበቱ 12 የሆነ ሰው ቆሞ የሚዘለው 6 ጫማ ብቻ ነው። በአጭር ሰይፍ ሲመታ ዳይሱ ላይ +4 ይጨምራል፣ ጉዳቱ ባለ 6 ፊት ዳይስ ሲደመር 2። የአስቸጋሪነት ደረጃው ሩብ፣ ለሚያሸንፉት ተጫዋቾች የሚያስገኘው 50 የልምድ ነጥብ።

5. ለውጡን ሕግ አድርጉ

የሥራው ልብ እዚህ ነው፤ ብዙ ንድፍ የሚበላሸውም እዚሁ ነው። ብዙዎች ለውጡን ውጊያ መሃል ያስገቡታል። አንድ የውጊያ ዙር 6 ሴኮንድ ነው። በዚያ ጊዜ ተጫዋቾቹ ለውጡን የሚያስቆሙበት መንገድ የላቸውም፤ መሪውም በየተራው ማን ከማን ስንት ጫማ እንደራቀ ሲቆጥር ይውላል። እንደ እውነተኛው አንበጣ ሰዓታት ይፍጅ፦ ቢያንስ 4 ቃጭራዎች እርስ በርስ በ5 ጫማ ርቀት ውስጥ 4 ሰዓት ከቆዩ ሁሉም መንጋ ይሆናሉ። ለብቻው አንድ ሙሉ ሌሊት ያደረ ወደ ብቸኝነቱ ይመለሳል። አሁን ተጫዋቾቹ ከውጊያው በፊት ሥራ አገኙ፦ መበተን፣ ጠባቡን ሸለቆ መዝጋት፣ የቀረችውን ልምላሜ ማጨድ።

መንጋ የሆነ ቃጭራ ጓደኛው ከዒላማው በ5 ጫማ ውስጥ ካለ ሲያጠቃ ሁለት ዳይስ ጥሎ የሚበልጠውን ይወስዳል፤ ጉዳቱም ወደ ባለ 8 ፊት ዳይስ ሲደመር 2 ያድጋል። በምላሹ መደበቅ አይችልም፣ ተራውን ሲጨርስም በፈቃዱ ከቅርብ ጓደኛው ከ10 ጫማ በላይ ሊርቅ አይችልም። የአስቸጋሪነት ደረጃው ግማሽ፣ 100 የልምድ ነጥብ ይሆናል።

የሁለት ዳይሱን ክብደት አሳንሳችሁ አትዩት። የመከላከያ ቁጥሩ 16 የሆነን ሰው ብቸኛው ቃጭራ የሚመታው 45 ከመቶ ነው፤ መንጋው ግን 70 ከመቶ ገደማ። ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ከተረባረቡ በአማካይ በዙር 15 የሕይወት ነጥብ ያህል ያነሱበታል። የ2ኛ ደረጃ ተዋጊ 20 ነጥብ ገደማ ስላለው በሁለተኛው ዙር ይወድቃል።

6. የሚሸነፍበትን መንገድ ክፈቱ

አንበጣ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከፀሐይ ነው። ሌሊቱን ቁጥቋጦ ላይ አድሮ፣ ጠዋት ፀሐይ ሞቆ ነው የሚነሳው። ቃጭራም ከብርድ ሌሊት በኋላ አንድ ሰዓት ፀሐይ እስኪሞቅ ድረስ ፍጥነቱ 15 ጫማ ይሁን፣ መዝለል አይቻለው፣ ሲያጠቃም ከሁለት ዳይስ የሚያንሰውን ይውሰድ። ይህን የሚያውቁ የቃጭራ አዛዦች ሰፈራቸውን ፀሐይ ቀድማ በምትመታው ተዳፋት ላይ ያደርጋሉ፤ የካርታችሁ አቀማመጥም ከዚህ ይወለዳል።

ሁለተኛው ድክመት ጫጫታ ነው። በ2012 ዓ.ም. አንበጣ ኢትዮጵያን ሲያጥለቀልቅ ገበሬው በጩኸት፣ ቆርቆሮ በመደብደብና ጅራፍ በማስጮህ ከማሳው ለማባረር ታግሏል። በጨዋታው፣ በ60 ጫማ ውስጥ ከባድ ድምፅ ሲሰማ መንጋ የሆነ ቃጭራ በማስተዋል የመቋቋም ውርወራ ይጥላል (ባለ 20 ፊት ዳይስ ሲደመር የማስተዋል ማስተካከያው)፤ 12 ካልሞላ በፍጥነቱ ግማሽ ያህል ይሸሻል። አንዴ የተቋቋመ ለ24 ሰዓት አይነካውም። ይህ ገደብ ከሌለ ተጫዋቾቹ ከበሮ ገዝተው እያንዳንዱን ውጊያ በዚያው ይጨርሱታል።

ቅርፊት የሚጥሉት ልጆቹ ብቻ ናቸው፤ የቃጭራ ኩብኩባ አምስት ጊዜ ይጥላል፣ በዚያ ቀንም የመከላከያ ቁጥሩ ቅርፊቱ ስላልጠነከረ ሁለት ይቀንሳል። ያደገው ስለማይጥል የተቆረጠ እግሩ አይተካም።

7. ኑሯቸውን ጻፉ

መንካት የሚለውጣቸው ሕዝቦች እንዴት ይኖራሉ? ቤቶቻቸው በ100 ጫማ ይራራቃሉ። በአንድ ጣሪያ ሥር ከሦስት በላይ ማደር ክልክል ነው። ገበያቸው ላይ በረኛ ቆሞ ጠጠር እየቆጠረ ያስገባል። ሰላምታቸው ከሩቅ ነው፤ የሌላውን የኋላ እግር መንካት ከስድብ ይከፋል። ዝናብ የጠገበ ዓመት ለጎረቤት ገበሬ ደስታ ሲሆን ለቃጭራ ሽማግሌዎች ሥጋት ነው፤ ከጥጋቡ በኋላ የሚመጣውን ያውቁታልና። ጠላት ካስፈለጋችሁ፣ ሆን ብሎ በአንድ ሸለቆ የሚያጉራቸውን ንጉሥ አስቡ።

መንጋውን ክፉ አታድርጉት። የኩብኩባ ሰልፍን ወደፊት ከሚገፉት ነገሮች አንዱ ከኋላ ያለው ሊነክሰው መቻሉ ነው። መንጋው የሚሄደው ስለራበው ነው፤ የቆመው ይበላል። ትላንት ከብቸኛው ረጢን ጋር ማዕድ የቀረቡ ተጫዋቾች ዛሬ ቢጫ ሆኖ ሲመጣባቸው ምን እንደሚያደርጉ መወሰን አለባቸው። እስከዚህ የተደከመው ለዚህ ውሳኔ ነው።

ምግቡንም አስሉ። የበረሃ አንበጣ በቀን የክብደቱን ያህል ይበላል። አንድ ቃጭራ 60 ኪሎ ከሆነ 200 ቃጭራ በቀን 120 ኩንታል ልምላሜ ይጨርሳል። ስለዚህ መንጋው የት እንደሚያድር ማሳውን የሚያውቅ ሁሉ ሊገምት ይችላል።

8. ለተጫዋች የሚሰጠውን ለዩ

የተጫዋች ቃጭራ ያለ ጥሩር የመከላከያ ቁጥሩ 13 ሲደመር የቅልጥፍና ማስተካከያው ነው። 20 ጫማ ይዘላል፣ በማሽተት ሲከታተል ሁለት ዳይስ ጥሎ የሚበልጠውን ይወስዳል፣ የጠዋቱ ብርድ ግን ይይዘዋል። መንጋ ሲሆን ገጸ ባሕርይውን ከእጁ አትንጠቁት፤ የ10 ጫማው ገደብ ይበቃል።

9. ሞክሩት

አራት የ2ኛ ደረጃ ገጸ ባሕርያት አዘጋጁ። በ2014ቱ ሕግ ለእነሱ መካከለኛ ውጊያ 400፣ ከባድ ውጊያ 600 የልምድ ነጥብ ነው፤ ጠላቶቹ ከ3 እስከ 6 ከሆኑ ድምሩ በሁለት ይባዛል። ስለዚህ አራት ብቸኞች 400፣ መንጋ የሆኑ ሦስት ቃጭራዎች 600 ይሆናሉ። ሁለቱንም ሜዳ ላይ፣ ከዚያ መንጋውን በብርድ ጠዋት አጫውቱ። መንጋው በሁለት ዙር ሰው ከጣለ ጉዳቱን ወደ ባለ 6 ፊት ዳይስ መልሱ፤ ሁለት ዳይሱን አትንኩ፣ የሕዝቡ ማንነት እሱ ነው። የጠዋቱ ውጊያ ያለ አንዳች ጉዳት ካለቀ የማሞቂያውን ጊዜ ወደ ግማሽ ሰዓት አውርዱ።

ሥራችሁን በአማርኛ አዘጋጅታችሁ ማሰራጨት ካሰባችሁ የዚህ እትም መሠረታዊ የሕግ ሰነድ 5.1 ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክሪኤቲቭ ኮመንስ በተባለው የነፃ አጠቃቀም ፈቃድ ክፍት ነው። ሰነዱ የሚጠይቀውን የባለቤትነት መግለጫ በገጻችሁ ላይ እስካሰፈራችሁ ድረስ ሕጉን መተርጎምና መሸጥ ትችላላችሁ። በሰነዱ ውስጥ የሌሉ ጭራቆችንና ስሞችን ግን አትጠቀሙ።