የድሮ ራዲዮ ካፓሲተር ስትቀይሩ እባካችሁ እነዚህን አትሳሳቱ

ባህር ዳር ውስጥ ስንት ቤት ቡፌ ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ ባለ ቫልቭ (በመስታወት ቱቦ የሚሰራ) ራዲዮ አለ መሰላችሁ። አብዛኛው የሞተ አይደለም፣ ካፓሲተሩ (ቻርጅ የሚይዘው ዕቃ) ነው ያረጀው። የሚገድለው ግን ልናድነው ስንነካካው የምንሰራው ስህተት ነው።

ከሁሉም የባሰው ገና ከቡፌ እንደወረደ "እስቲ ይሰራ እንደሆን" ብሎ ሶኬት ላይ መሰካት ነው። ስንት አመት ከረንት ያላየ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር (ውስጡ ፈሳሽ ያለው ትልቁ) ውስጡ ደርቋል፣ ሽፋኑም ሳስቷል፣ 250 ምናምን ቮልት ባንዴ ሲመጣበት ሾርት ያደርግና ሬክቲፋየሩንም (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይረውን) የፓወር ትራንስፎርመሩንም ይዞ ይሄዳል። የዘጌውን አጎቴን ራዲዮ እንዲህ አድርጌ ነው ያጣሁት፣ የትራንስፎርመሩ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ካፓሲተርማ ከአዲስ አበባም ተልኮ ይመጣል፣ ለዛ ራዲዮ የተጠቀለለ ትራንስፎርመር ግን ከየት ይመጣል? ስለዚህ መጀመሪያ ቀይሩ፣ ከዛ ስታበሩት የድሮውን ባለ ክር አምፖል 60 ወይ 100 ዋት በሲሪየስ (ከራዲዮው ጋር በአንድ መስመር ተከታትሎ) አስገቡ (ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም)፣ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፣ ቦግ እንዳለ ከቀረ ግን ቶሎ ንቀሉት።

ሌላው "ነቅዬዋለሁ እኮ" ብሎ እጅ መክተት ነው። ካፓሲተር ከተነቀለም በኋላ ቻርጁን ይዞ ይቆያል። በካቻቢቴ ሾርት አታድርጉት፣ 10 ኪሎ ኦም 5 ዋት ሬዚስተር ለጥቂት ሰከንድ አገናኙበትና ዜሮ መሆኑን በመልቲሜትር እዩ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሸወድበት። ትልልቆቹን ፊልተሮች (ዲሲውን የሚያጠሩትን ኤሌክትሮሊቲኮች) ይቀይርና እምምም የሚለው ድምፅ ሲጠፋ ጨረስኩ ይላል። ኧረ አልጨረስክም! በሰም የተነከረው የወረቀት ካፓሲተር እርጥበት ይስባል፣ እኛ ደግሞ ሐይቅ ዳር ነን፣ ክረምት ላይ ቁምሳጥን ውስጥ ያለ ልብስ እንኳን ይሻግታል። ከሁሉም የሚያሰጋው ወደ አውትፑት ቫልቩ (ስፒከሩን የሚነዳው፣ ኢኤል 84 ይሁን ሌላ) ግሪድ፣ ማለትም ከረንቱን ወደሚቆጣጠረው እግር፣ የሚገባው ትንሹ ካፓሲተር ነው፣ እሱ ዲሲ ካሳለፈ ግሪዱ ወደ ፖዘቲቭ ይሄዳል፣ ቫልቩ ከመጠን በላይ ከረንት ይስባል፣ መጨረሻ ላይ አውትፑት ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል፣ ያ ሁሉ ሲሆን ራዲዮው መጀመሪያ ላይ ጥሩ እየዘፈነ ነው። መልቲሜትር ካፓሲታንሱን ልክ ነው ቢላችሁም አትመኑት፣ የሚለካው በጥቂት ቮልት ነው፣ ማሳለፉ የሚታወቀው ግን 200 ቮልት ሲጫንበት ነው። እኔ ሳልለካም ነው በ630 ቮልት ፊልም ካፓሲተር የምቀይረው።

"ትልቅ ካደረግኩት ይሻላል" የሚሉም አሉ። ቮልቴጁ ላይ እውነት ነው፣ 350 የነበረውን 450 አድርጉት። ማይክሮፋራዱ ላይ ግን አይሆንም፣ ኢዜድ 80 ሬክቲፋየር የሚችለው እስከ 50 ማይክሮፋራድ ነው፣ 220 ብትገጥሙበት ሲበራ የሚስበው ከረንት ቫልቩን ይጨርሰዋል። በ50 ፋንታ 47፣ በ32 ፋንታ 33 ምንም አይልም። ከተበላሸ ቴሌቪዥን ቦርድ የተነቀለ ግን እባካችሁ ተዉት፣ እሱም አርጅቷል።

ፖላሪቲ (ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ) ላይ፣ ኔጌቲቩ ሁሌ ሻሲ (የብረት አካሉ) ላይ ነው ብላችሁ አትገምቱ፣ አንዳንዱ ራዲዮ ላይ በኔጌቲቩና በሻሲው መሀል ሬዚስተር አለ። በስልክ ፎቶ አንሱ፣ አንድ ንቀሉ አንድ ተኩ፣ ሁሉንም ነቅላችሁ እንዳትደርድሩት።

መብራቱ መስመር ላይ በቀጥታ ያለውን ደግሞ በተራ ካፓሲተር አትተኩት። በሁለቱ ሽቦ መሀል ከሆነ ኤክስ 2፣ ከሽቦ ወደ ሻሲ ከሆነ ዋይ 2 የሚል የተጻፈበት ይሁን፣ ተራው ሾርት ካደረገ ሻሲው ሰው ይይዛል።

እጃችሁ ከሞቀ በኋላ ደግሞ ሚካውንና ሴራሚኩንም ልቀይር ማለት ይመጣል። ችግር ካላሳዩ አትንኳቸው፣ በተለይ አይኤፍ ትራንስፎርመሮቹ (ጣቢያውን ለይተው የሚያሳልፉት የተቃኙ ጥቅልሎች) አጠገብ ያሉትን፣ እነሱ ከተነኩ ቅኝቱ ይዛባና ጣቢያው ዲያሉ ላይ ከተጻፈበት ቦታ ሸሽቶ ታገኙታላችሁ።