ሞዴል ባቡራችሁን የአዋሽ–ኮምቦልቻ መስመር ባቡር ለማስመሰል

ከውጭ የሚመጣ ሞዴል ባቡር አብዛኛውን ጊዜ የጀርመን ወይም የአሜሪካ ድርጅት ቀለም ለብሶ ነው የሚመጣው። ያምራል፤ ግን ኮምቦልቻ ጣቢያ ቆሞ አስቡት፣ አይሄድም። እኛ የምንፈልገው ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰውን፣ የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ ግንባታውን የወሰደውን 390 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር የሚመስል ነው። አብዛኛው ዕቃ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብርና ከፋርማሲ ይገኛል።

መጀመሪያ ትክክለኛውን ባቡር ምረጡ። የመስመሩ ሀዲድ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው። በ1:87 ሲቀነስ 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህ ኤችኦ የሚባለው በየቦታው ያለው መጠን ነው። መስመሩ የተሠራው በ25 ኪሎ ቮልት ኤሌክትሪክ እንዲሄድ ስለሆነ፣ ሎኮሞቲቩ (ፉርጎዎቹን የሚጎትተው) ጣሪያው ላይ ከሽቦ ኤሌክትሪክ የሚቀበል ክንድ ይኑረው። ጭስ ማውጫ ያለውን የእንፋሎት ባቡር ቀብቶ «የኮምቦልቻ ነው» ማለት አያስኬድም።

ለጀማሪ ግን ሎኮሞቲቩን ተዉት። ከኮንቴይነር ጫኝ ፉርጎ ጀምሩ። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብና ኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ ናት፣ ኮንቴይነር ያምርባታል። ባለ 20 ጫማው በዚህ መጠን 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ቢበላሽም አያስለቅስም።

ቀለሙን ከየት እናምጣ? መስመሩ አዋሽ ላይ ከአዲስ አበባ–ጅቡቲው ጋር ይገናኛል፣ ሀዲዱም ኤሌክትሪኩም አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ከዚያ የመጣ ባቡር ነው ብላችሁ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለሙን በፎቶ እያያችሁ ሥሩ። ፎቶው ቀትር ላይ የተነሳ ይሁን፤ የማታ ብርሃን ሁሉንም ነገር ቢጫ ያደርገዋል። ስትደባልቁም መስኮት አጠገብ እንጂ አምፖል ሥር አይሁን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የትልቁን ባቡር ቀለም እንዳለ ትንሹ ላይ ብታደርጉት ይጨልማል፣ ምክንያቱም እውነተኛውን የምናየው ከሩቅ፣ ፀሐይና አቧራ በመሃል ሆኖ ነው። አረንጓዴው ላይ ጠብታ ነጭ ጨምሩ። ቀዩ ላይ ግን ነጭ እንዳታስገቡ፣ ሮዝ ይሆንባችኋል፤ ትንሽ ቢጫ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ሥራው። አካሉን ከሥሩ ለዩት፣ መስኮቶቹን አውጡ፣ በላርጎና ለብ ባለ ውሃ እጠቡት፣ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት። የጋራዥ ቀለም ቀቢ ጓደኛ ካላችሁ «አምጣው በአንዴ እነፋልሃለሁ» ማለቱ አይቀርም። አመስግኑትና ተዉት! የመኪና ቀለም የሚቀጥንበት ቲነር ፕላስቲክ ያቀልጣል። በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ይሻላል። መጀመሪያ ስስ ግራጫ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ከሥር የሚቀባው)፣ ከዚያ ደጋግሞ ስስ ቀለም። ስፕሬይ ከሆነ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ፣ እጃችሁን ሳታቆሙ ንፉ፣ መስኮትም ክፈቱ።

ደሴ ላይ ክረምት ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ጉሙና ቅዝቃዜው ቀለሙን አያደርቀውም፣ ስፕሬይና ቫርኒሽ ደግሞ እርጥበት ሲይዛቸው ነጭ ጭጋግ ይለብሳሉ። ኮምቦልቻ ዘመድ ያለው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ እዚያ ቢቀባ ይሻለዋል፣ ቆላ ቀመሱ አየር ለዚህ ሥራ ምርጥ ነው። የሌለው ፀሐያማ ቀን ይጠብቅ።

መስመር ለማስመር ከፈዛዛው ጀምሩ። ቢጫ ጥቁር ነገር ላይ አይታይም፣ ከሥሩ ነጭ ይፈልጋል። ቢጫው ሲደርቅ መስመር ሆኖ የሚቀረው ቦታ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፤ ጠርዙ ከጥቅሉ ሲወጣ ቆሻሻ ስለያዘ በአዲስ ምላጭ እንደገና ቁረጡት። ከዚያ የጠርዙን ስንጥቅ ለመድፈን ያንኑ የሥሩን ቢጫ በስሱ ደግማችሁ ቀቡበት፣ አረንጓዴው ከዚያ ይቀጥል። ይቺን ደረጃ የዘለለ ሰው መስመሩ እንደ ሸረሪት እግር ይበተንበታል።

ጽሑፉን በእጅ አትሞክሩት። እውነተኛው ላይ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፊደል እዚህ 4.6 ሚሊ ሜትር ነው። «ኮ»ን በዚያ መጠን በብሩሽ መጻፍ ዓይን ማጥፋት ነው። በውሃ የሚለጠፍ ስቲከር ወረቀት ካገኛችሁ እሱ ላይ በወፍራም ፊደል አትሙ፤ ቀጭኑ ይጠፋል። ተራ ፕሪንተር ነጭ ቀለም እንደማያትም አትርሱ፤ ነጭ ጽሑፍ ከፈለጋችሁ ነጭ ስቲከር ወረቀት ላይ ዙሪያውን በባቡሩ ቀለም ማተም ነው። ከመለጠፉ በፊት የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ፣ ከተለጠፈ በኋላ የማያብለጨልጭ።

በመጨረሻ አቧራው። ያለሱ አሻንጉሊት ነው የሚመስለው። ቡናማና ቢጫ ጠመኔ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጋችሁ ዱቄቱን በለስላሳ ብሩሽ ከታች ወደ ላይ እያሳሳችሁ አልብሱት። ብሬኩ አካባቢ ዝገት የመሰለ ቡናማ፣ ጣሪያው ላይ ከክንዱ ሥር ትንሽ ጥቁር። ጎኑን ግን ጥቀርሻ አትቀቡት፣ ኤሌክትሪክ ባቡር አያጨስም። ዱቄቱን በማያብለጨልጭ ቫርኒሽ አሽጉት። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሞዴል ከሆነ ከመግጠማችሁ በፊት የብረት ጎማዎቹን በአልኮል ጥረጉ፤ ቀለም ከነካቸው ከሀዲዱ ኤሌክትሪክ አይወስዱም፣ ባቡሩም ንቅንቅ አይልም።